ዓይኑ ጎድሎ ስለ ተወለደ ሕፃን

ሕፃን ተወልዶ እልልታው ሳያባራ፥ አዋላጂቱም እትብቱን ቆርጣ ገና በእጇ እንደ ያዘችው፥ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው ወንድ ነው ሴት ብላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን የምትፈልገው ፊቱን ነው፤ በፊቱም ላይ የምትፈልገው ዓይኑን ነው። አንዳንድ ጊዜ ታዲያ የተገለጠው ዓይን እንደ ተጠበቀው ሆኖ አይገኝም። አንደኛው ዓይን ከሁለተኛው እጅግ ያነሰ ይሆናል፤ ወይም ብሌኑ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ወደ ታች ተሰንጥቆ ይታያል፤ ወይም በብሌኑ ዙሪያ መኖር የሚገባው ቡናማ ክብ ይታጣል፤ ወይም በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር ይታያል፤ ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ቆቡ ሲገለጥ ከውስጥ ዓይን የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው።

በዚህ ጊዜ እልልታው ይቆምና ሹክሹክታው ይጀመራል። እናቲቱ በቀትር ወንዝ ወርዳ ኖሯል ይባላል፤ ነፍሰ ጡር ሳለች በዓይነ ስውር ላይ ስቃ ይሆናል ይባላል፤ የአማት ርግማን ነው የሚልም አይጠፋም። የባል ዘመዶች «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አይታወቅ» ብለው ነገሩን ከራሳቸው ደጅ ወደ ሴቲቱ ደጅ ይገፋሉ፤ የሴቲቱም ዘመዶች በተራቸው ያንኑ ቃል ይመልሳሉ። ከዚህ የተነሣ ትዳር የፈረሰበትን፥ ወይም እንግዳ በመጣ ቍጥር ሕፃኑ ወደ ጓዳ የሚገባበትን ቤት የምታውቁ አንባብያን ትኖራላችሁ። ስለዚህ በዚህ ወር ዓምዳችን፥ ዓይን ጎድሎ የሚወለድበትን ምክንያት የዛሬው የዘር ትምህርት እስከ ደረሰበት ድረስ ለማስረዳት አስበናል። ነገሩ ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ዳሩ ግን የእናትን ስም የሚያነጻ ጉዳይ ስለ ሆነ አንባቢ እንደማይሰለች ተስፋ እናደርጋለን።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 እንደሚነበበው፥ ደቀ መዛሙርቱ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ የማያየውን ሰው ባዩ ጊዜ የጠየቁት በደሉ የእርሱ ይሁን ወይም የወላጆቹ ለማወቅ ነበር፤ ጌታችንም ሁለቱንም ወገን ከክሱ ነጻ አደረጋቸው። የሀገራችን የትርጓሜ መምህራን ይህ ሰው ዓይኑ የታመመበት ሳይሆን ግንባሩ ልሙጥ ሆኖ ያለ ዓይን የተወለደ ነው ብለው ያስተምራሉ፤ የጭቃውንም ነገር ከአዳም አፈጣጠር ጋር ያያይዙታል። እንግዲህ በዚህ ትርጓሜ መሠረት የምንናገረው ሐኪሞች ዛሬ አኖፍታልሚያ ብለው ስለሚጠሩት ጉድለት ነው። በዚያው ምዕራፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውለው የምናልፈው ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም የሰውየው ወላጆች ሳይቀሩ ተጠርተው መመርመራቸው፥ መልሳቸውንም በፍርሃት መስጠታቸው ነው። ነገሩ በወንጌል ከተፈታ ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ነው፤ በየቤታችን ግን ገና እንደ ታሰረ ነው።

አሁን ዓይን እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። ዓይን መሠራት የሚጀምረው በፅንሱ 4ኛ ሳምንት፥ በ22ኛው ቀን ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ፅንሱ ከአንዲት የስንዴ ቅንጣት ያነሰ ነው። ገና አንጎል ሊሆን ከተዘጋጀው ክፍል ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ እብጠቶች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ ወደ ቆዳውም በቀረቡ ጊዜ ቆዳው በዚያ ስፍራ ወፈር ብሎ ወደ ውስጥ ይገባና ሌንስ ይሆናል፤ እብጠቱም በራሱ ላይ ተቀልብሶ የጽዋ ቅርጽ ይይዛል። ይህ ጽዋ ከበታቹ ስንጥቅ አለበት፤ በስንጥቁም በኩል የደም ሥሮች ይገባሉ። ሥራቸውን ከጨረሱ በኋላ ስንጥቁ በ7ኛው ሳምንት ገደማ ከዳር እስከ ዳር ይገጥማል። ሳይገጥም የቀረ እንደ ሆነ ያ የቁልፍ ቀዳዳ የመሰለው ብሌን ይታያል፤ ስሙም ኮሎቦማ ነው። ስንጥቁ ዘወትር ከበታች ስለ ሆነ፥ የብሌኑም ክፍተት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። ይህ ሁሉ ሲጀመር ብዙዋ እናት ማርገዟን እንኳ ገና አላወቀችም፤ የወር አበባዋ ጥቂት ቀናት እንደ ዘገየ ብቻ ታስብ ይሆናል። ስለዚህ በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር ወዴት እንደ ሄደችና ማንን እንዳየች እየቈጠሩ የሚከሷት ሰዎች፥ ዓይኑ ተሠርቶ ካለቀ ከብዙ ወራት በኋላ የሆነውን ነገር ነው የሚቈጥሩት።

ይህን ሥራ የሚያዝዘው ጂን፥ በእኛ ቋንቋ ዘረመል የሚባለው ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ነገሩን በብራና ብናስበው ይቀለናል። በእያንዳንዱ የሰውነታችን ሕዋስ ውስጥ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደል ያለው መጽሐፍ አለ፤ ፊደሎቹ በዓይነት አራት ብቻ ናቸው፤ መጽሐፉም በ23 ጥራዝ ተከፍሎ ይገኛል፤ ጥራዞቹም ክሮሞሶም ይባላሉ። ከእያንዳንዱ ጥራዝ ሁለት ሁለት ቅጂ አለን፤ አንዱን ከእናት፥ አንዱን ከአባት ተቀብለናል። ከዚህ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥራ የሚያዝዘው አንቀጽ ዘረመል ይባላል፤ ቍጥሩም ወደ 20,000 ይደርሳል። ሕዋስ ሲከፈል መጽሐፉ ሁሉ እንደገና ይገለበጣል። ቁም ጸሐፊ ዳዊት ሲገለብጥ፥ የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፥ አንድ ፊደል መዝለሉ ወይም አንዱን በሌላው መለወጡ አይቀርም፤ ከስሕተቶቹም አብዛኞቹ ንባቡን አያውኩም፤ አንዳንዱ ግን የዓረፍተ ነገሩን ፍቺ ያፈርሳል። በዘረመልም የሚሆነው እንደዚሁ ነው።

ስለ ዓይን ከሚናገሩት አንቀጾች መካከል እጅግ የታወቀው ፓክስ 6 የሚባለው ሲሆን፥ ስፍራው በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ወደዚህ ዘረመል የተደረሰበት መንገድ ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ጥቂት እንቈይበታለን፤ ዓመታቱንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠቅሳለን። በጠላ ጋን አፍና በበሰለ ፍራፍሬ ላይ የምታንዣብበውን ትንሽ ዝንብ ሁላችንም እናውቃታለን። በ1915 ሚልድረድ ሆግ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከእነዚህ ዝንቦች መካከል ዓይናቸው ያነሰ ወይም ዓይን የሌላቸው እንዳሉ፥ ጠባዩም በዘር እንደሚተላለፍ ገለጡ። ነገሩ ለብዙ ዘመን የዝንብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቈየ። በ1991 የሰውን ዓይን የሚያጎድለው ፓክስ 6 ተለይቶ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት ዓይነ ትንሽ ሆና የምትወለድ አንዲት የአይጥ ዘርም ስሕተቷ በዚሁ ዘረመል ላይ መሆኑ ታየ። በ1994 ደግሞ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ የቫልተር ጌሪንግ ባልደረቦች ያን የዝንብ ዘረመል አንብበው ከሰውና ከአይጥ ፓክስ 6 ጋር ቢያስተያዩት አንድ ዓይነት ሆኖ አገኙት።

በቀጣዩ ዓመት፥ በ1995፥ እነዚሁ ሰዎች ዘረመሉ በማይሠራበት ስፍራ እንዲሠራ አደረጉት፤ ዝንቦቹም በክንፋቸው፥ በእግራቸውና በቀንዳቸው ላይ ዓይን አበቀሉ። ከዚህም አልፈው የአይጥን ፓክስ 6 ወስደው በዝንብ ውስጥ አስገቡት፤ የበቀለው ግን የአይጥ ዓይን ሳይሆን ብዙ ገጽ ያለው የዝንብ ዓይን ነው። ዘረመሉ የሚያዝዘው «በዚህ ስፍራ ዓይን ይሠራ» ብሎ ነው እንጂ የትኛው ዓይን እንደሚሠራ አይናገርም፤ ዝንብ የዝንብን፥ አይጥም የአይጥን ትሠራለች ማለት ነው። ጌሪንግ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2014 ድረስ ይህን ነገር ሲያስተምሩ ኖሩ። እኛም በትምህርት ቤት ይህን ለተማሪዎች ስንነግር አንድም ቀን ሳይደነቁ ቀርተው አያውቁም።

ወደ ሰው እንመለስ። ከሁለቱ የፓክስ 6 ቅጂዎች አንዱ የተበላሸበት ሕፃን የሚወለደው ብሌኑን የሚከብበው ክብ፥ ማለት አይሪስ፥ ጎድሎት ወይም ከነጭራሹ ሳይኖረው ነው። ጉድለቱ አኒሪድያ ይባላል፤ ከ40,000 እስከ 100,000 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይገኛል። አይሪስ እንደ መስኮት መጋረጃ ብርሃንን የሚመጥን ስለ ሆነ፥ እርሱ የሌለው ሕፃን ፀሐይ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ዓይኑም ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል። የሬቲናውም መካከለኛ ክፍል በሚገባ ስለማይሠራ የማየት ኀይሉ ይደክማል፤ ዕድሜው እየገፋ ሲሄድም የዓይን ሞራና ግላኮማ ሊያገኙት ይችላሉ።

አንዱ ቅጂ ደኅና ሆኖ ሳለ ስለ ምን አይበቃም? የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው፤ በብዙ ዘረመል አንድ ደኅና ቅጂ ይበቃልና። የፓክስ 6 ነገር ግን የመጠን ነገር ነው። አንዲት ባልቴት ለአንድ ጋን ጠላ የሚበቃውን ጌሾ በግማሽ ብትጨምር፥ የተጠመቀው ጠላ መባሉ አይቀርም፤ ነገር ግን እንደ ጠላ አይሆንላትም። ዓይንም እንደዚሁ ነው፤ በግማሽ ትእዛዝ ዓይን ይሠራል፤ ሙሉ ዓይን ግን አይሠራም። ሁለቱም ቅጂ የተበላሸበት ፅንስ ዓይን አይኖረውም፤ አፍንጫና አንጎልም በወጉ አይሠሩለትም፤ በሕይወትም አይቈይም።

አሁን ወደ ሹክሹክታው ልብ እንደርሳለን፤ ስሕተቱ ከየት መጣ? አኒሪድያ ካለባቸው ሰዎች ከ3 ሁለቱ እጅ ያህሉ ከአባት ወይም ከእናት የወረሱት ናቸው፤ በዚህ ጊዜ ወላጁም ራሱ ጉድለቱ አለበትና የተሰወረ ነገር የለም። የቀረው አንድ ሦስተኛ ግን አባቱም እናቱም አያቶቹም ደኅና ሳሉ፥ በእርሱ የተጀመረ አዲስ የግልበጣ ስሕተት ነው። ይህም እንደ ልዩ ክፉ ዕድል መቈጠር የለበትም። ማናችንም ብንሆን ከአባትም ከእናትም ያልወረስነው፥ በእኛ የተጀመረ ከ60 እስከ 70 ያህል አዲስ የፊደል ለውጥ ይዘን ተወልደናል፤ አብዛኛው በማይጎዳ ስፍራ ላይ ስለ ወደቀ አናውቀውም እንጂ። ከእነዚህም አዳዲስ ለውጦች የሚበዙት የሚመጡት ከአባት ወገን ነው፤ የወንድ ዘር በየጊዜው እየተገለበጠ ስለሚሠራ፥ የአባት ዕድሜ በአንድ ዓመት በጨመረ ቍጥር ሁለት ያህል ለውጥ እንደሚታከል በ2012 በአይስላንድ ቤተ ሰቦች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ይህን የተናገርነው ክሱን ከሚስት አንሥተን በባል ላይ ለመጫን አይደለም፤ ቁም ጸሐፊው ሲያንጎላጅ የሳተውን ፊደል በብራናው ባለቤት ማሳበብ ፍርድ አይደለምና። ነገር ግን «በእኛ ዘር የለም» የሚለው የባል ዘመዶች ክርክር በራሱ ሚዛን ቢመዘን እንኳ ቀላል ሆኖ እንደሚገኝ አንባቢ ልብ ይበል።

ያለ ዓይን ስለሚወለዱትም ነገሩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ2003 በስኮትላንድ በኤዲንብራ የሚገኙ ተመራማሪዎች ሶክስ 2 የተባለው፥ በ3ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለው ዘረመል አንድ ቅጂው ሲበላሽ ዓይን ሳይሠራ እንደሚቀር ገለጡ። ከታወቁት ምክንያቶች መካከል ብዙዎቹን ሕፃናት የሚነካው ይህ ነው፤ በአብዛኞቹም ላይ ስሕተቱ አዲስ እንጂ የተወረሰ አይደለም። ከዚህ ሌላ ብዙ ዘረመሎች ታውቀዋል፤ ስማቸውን መዘርዘር ለአንባቢ አይጠቅምም። ይልቁንም አንድ ዓይን ብቻ በጎደለበትና በኮሎቦማ ጊዜ፥ ዛሬም ቢሆን ምርመራው ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሌላ የውርስ መንገድ ደግሞ አለ። አንዳንዱ ስሕተት ካንዱ ወላጅ ብቻ ሲመጣ አይጎዳም፤ ከሁለቱም በአንድነት ሲመጣ ግን ዓይንን ያጎድላል። በ2013 የታወቀ አንድ ዘረመል እንዲህ ያለ ነው፤ ሥራውም ቫይታሚን ኤን ፅንሱ ወደሚጠቀምበት መልክ መለወጥ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ዘመድ ከዘመዱ በሚጋባበት አገር ይበዛል፤ የአክስትና የአጎት ልጆች ከዘረመላቸው 8ኛውን እጅ ይጋራሉና። አባቶቻችን ሰባት ቤት ቈጥረው ማጋባታቸው በዚህ ረገድ ልጆቻቸውን ጠብቋል ብንል አላጋነንም፤ ከሰባት ቤት በኋላ የሚቀረው የጋራ ዘረመል ከምንም የማይቈጠር ነውና። ዳሩ ግን ይህንኑ መልካም ሥርዓት እንደ በትር ይዘው የሚመቱበት ሰዎች አሉ፤ ዓይኑ የጎደለ ሕፃን ሲወለድ «ቤት ሳይቈጥሩ ተጋብተው ነው» ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ከሩቅ አገር የመጡ፥ ፈጽሞ የማይዛመዱ ባልና ሚስት አንድ ዓይነት ስሕተት ተሸክመው ሊገናኙ ይችላሉ፤ ቀደም ብለን የተናገርነው አዲስ ስሕተት ደግሞ የቤት ቈጠራ የሚያግደው ነገር አይደለም።

የዓይን ጉድለት ሁሉ ግን ከዘር የሚመጣ አይደለም። ስለ እሪያ በዚህ ዓምድ ማንሣታችንን አንባቢ ይቅር ይበለንና፥ በ1933 በቴክሳስ ፍሬድ ሄል የተባሉ የከብት እርባታ ሊቅ ቫይታሚን ኤ የሌለበት መኖ የበላች አንዲት እሪያ 11 ግልገሎች ያለ ዓይን ኳስ እንደ ወለደች ጻፉ። የዘር ነገር መስሎ ነበር፤ ነገር ግን ከዚያው ዘር የሆኑት ደኅና መኖ ሲሰጣቸው የወለዷቸው ዓይን ይዘው ተወለዱ። አንዱ መንገድ በዘረመልም በምግብም በኩል ሊዘጋ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል። ከዚህ ተነሥቶ ግን ነፍሰ ጡር ሴት ያለ ሐኪም ትእዛዝ የቫይታሚን ኤ ክኒን እንድትውጥ አንመክርም፤ ከመጠን ያለፈውም እንዲሁ ፅንስን ይጎዳልና፤ ጎመንና ካሮት ግን ማንንም አይጎዱም። በ1941 ደግሞ በአውስትራሊያ በሲድኒ የዓይን ሐኪሙ ኖርማን ግሬግ የዓይን ሞራ ይዘው የተወለዱ 78 ሕፃናትን መርምረው፥ ከእነዚህ የ68ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ጊዜ ሩቤላ የሚባለው የሽፍታ በሽታ ይዟቸው እንደ ነበር አገኙ። ለዚህ በሽታ በ1969 ክትባት ተፈቀደ። ከጎረቤት ልጅ በትንፋሽ የተላለፈ በሽታም ቢሆን በእናት ላይ ዕዳ ሆኖ የሚጻፍ አይደለም።

እንግዲህ «ማን አደረገው» የሚለውን ትተን «ሕፃኑ ምን ያስፈልገዋል» ወደሚለው ስንመለስ፥ ሊዘገይ የማይገባው ነገር መኖሩን እናያለን። ከዚህም ውስጥ ብዙ ወላጅ የማያውቀው የኩላሊት ነገር ነው። በ1964 ሮበርት ሚለር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ዊልምስ የሚባለው የኩላሊት ዕጢ የያዛቸውን 440 ሕፃናት መዝገብ ሲመረምሩ፥ 6ቱ አይሪስ የሌላቸው ሆነው አገኟቸው። ይህ ጉድለት በብዙ አሥር ሺህ ሕፃናት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ሆኖ ሳለ፥ በ440 መካከል 6 መገኘቱ በአጋጣሚ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱም በኋላ ታወቀ፤ በ11ኛው ክሮሞሶም ላይ ከፓክስ 6 አጠገብ ኩላሊትን ከዕጢ የሚጠብቅ ሌላ ዘረመል አለ። አይጥ የብራናውን ጠርዝ ስትበላ አጎራባች ሁለት መስመሮች አብረው እንደሚጠፉ፥ አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ ዘረመሎች በአንድነት ተቈርጠው ይጠፋሉ።

ስለዚህ ወላጆቹ ደኅና ዓይን ኖሯቸው ሳለ አይሪስ ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን፥ ክሮሞሶሙ እንዲመረመር ይገባል፤ ያ ምርመራ በማይገኝበት ስፍራ ግን ሆዱን በአልትራሳውንድ በየ3 ወሩ እስከ 8 ዓመቱ ድረስ ማሳየት ያስፈልጋል። ዕጢው በጊዜ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። የሕፃኑን ዓይን ከሰው ለመሰወር ጓዳ ያስቀመጡ ወላጆች፥ ሳያውቁ ኩላሊቱንም ከሐኪም ሰውረውታል። ጉድለቱን ከወላጁ የወረሰ ሕፃን የኩላሊቱ ሥጋት እጅግ ያነሰ ነው፤ ይህንም ቢሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

በብሌኑ ውስጥ ነጭ ነገር የታየበትን ሕፃን ማቈየት አይገባም። ሞራ እንደ ሆነ፥ ቀዶ ሕክምናው ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ መደረግ አለበት፤ ብርሃን ያላየ ዓይን ማየትን ከአንጎል ጋር ሳይማር ይቀርና፥ በኋላ ሞራው ቢወጣ እንኳ ጥቅሙ ያንሳል። ነጩ ነገር ደግሞ የሬቲና ካንሰር ሊሆን ስለሚችል፥ ጠበል ብንወስደውም ሐኪም ማሳየቱን አብረን እናድርገው፤ በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ለዚህ ካሉት አንዱ ነው። ያለ ዓይን ለተወለደው ደግሞ ማየትን መስጠት ባይቻልም፥ ከጥቂት ሳምንታት ዕድሜው ጀምሮ በዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ እየተለካ የሚገባ፥ በየጊዜውም በተለቀ የሚተካ ነገር አለ፤ ይህ ካልተደረገ ጉድጓዱ ከፊቱ ጋር አብሮ አያድግም። ትምህርቱን በተመለከተ በሰበታ የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት እንዳለ እናስታውሳለን፤ በቅኔ ቤቶቻችንም ሳያዩ የተማሩ፥ ተምረውም ያስተማሩ መምህራን እንደ ነበሩ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

የቀረው የጋብቻ ነገር ነው፤ ሽማግሌ ሲላክ የሚነሣው ይህ ነውና። አኒሪድያ ያለበት ሰው ከሚወልዳቸው ልጆች እያንዳንዱ ጉድለቱን የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ ደኅናውን ቅጂ ወይም የተበላሸውን ይሰጣልና። የመጀመሪያው ልጅ ወርሷልና ሁለተኛው ይድናል ማለት አይደለም፤ ዕጣው በየልደቱ እንደ አዲስ ይወጣል። ባልና ሚስት ይህን አውቀው ቢጋቡ የሚወስኑት እነርሱ ናቸው፤ እኛ ግን ሳይነገራቸው እንዳይጋቡ ብቻ እንለምናለን። ስሕተቱ በልጃቸው የተጀመረ አዲስ የሆነባቸው ወላጆች ሌላ ልጅ ቢወልዱ፥ እንደዚሁ ሆኖ የመወለዱ ዕድል እጅግ ጥቂት ነው፤ ፈጽሞ የለም ግን አይባልም፤ አንዳንድ ጊዜ ስሕተቱ ከወላጁ የዘር ሕዋሳት በከፊሎቹ ውስጥ ተሰውሮ ይገኛልና።

ወንድሟ አይሪስ ሳይኖረው ስለ ተወለደ ብቻ እጮኝነቷ የሚፈርስባት ልጃገረድ ጉዳይ ግን ከሁሉ የቀለለ ነው። ይህ ጉድለት የፓክስ 6 ቅጂው በተበላሸበት ሰው ላይ ሳይታይ አይቀርም፤ ስለዚህ የእርሷን ዓይን የዓይን ሐኪም መርምሮ አይሪሱን ሙሉ ሆኖ ካገኘው፥ ለልጆቿ የምታወርሰው የወንድሟ ስሕተት ከእርሷ ዘንድ የለም።